ካርዱ አላማጠም

ስደተኛ ሁሉ አወጣጡን ሲያወራ "በጨለማ ወጣን" ይላል። እኔ ከደብረ ታቦር የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በቅዳሜ ገበያ ግርግር መሃል፣ አንድ ቅል አጓት ታቅፌ ነው። ሌሊቱ የቀበሌ ጥበቃ ነበር። ወንድሜ ሲሳይ መምህር ስለሆነ ነገር ሁሉ እንደ ትምህርት ነው የሚያስረዳው፤ "እታለም፣ ሰው የማይታየው ሰው በበዛበት ነው" አለኝ። እናም እህላቸውን ሸጠው ከሚመለሱ ገበያተኞች ጋር ተጋፍተን ወደ ወረታ የሚወርደው አውቶቡስ ላይ ወጣን። እማዬ አልሸኘችንም። እንባ ያሳብቃል ብላ ገበያው ውስጥ ሽንኩርት እየመረጠች ቀረች። በመስኮቱ ጀርባዋን አየሁት፤ አንድ ሽንኩርት አንሥታ ታስቀምጥና ያንኑ መልሳ ታነሣለች።

አጓቱ የእሷ ብልሃት ነበር። የቅሉን አፍ ሆን ብላ አላልታ ወተፈችውና "ሰው ሲሸተው፣ መቀመጫው ሲርስ፣ ቅሉ ነው በይ። ቅል አያፍርም" አለችኝ።

ቅሉ ለምን እንዳስፈለገኝ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ቀጥሎ ያለው አይገባችሁም። ሽንቴ አይቆምልኝም። ይኸው ጻፍኩት። በአፌ እንዲህ አድርጌ ብዬው አላውቅም፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ስቆጥር እንኳ በሩ አጠገብ፣ ከሰው ኋላ ነበር የምቀመጠው። ይህን የምጽፈው ከካርቱም ነው፤ አገር ቤት ላላችሁትም፣ ነገ ተነሥታችሁ ይህንኑ መንገድ ለምትመጡትም ነው። እንደኔ የሆነች እህት ካለቻችሁ ሳትመጣ በፊት አንብቡላት።

በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ስለዚህ ሆዴ ሲገፋ ባሌ ከጉና ሥር ካለው አገሩ በበቅሎ አምጥቶ ለእማዬ አስረከበኝ። ምጡ ሐሙስ ጀመረኝ። ከመንደራችን እስከ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ጎበዝ በቃሬዛ ቢሸከመኝ ግማሽ ቀን ነው፤ ጎበዙ ግን አልነበረም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወንዱን ሁሉ ለእርከን ሥራ አውጥቶት ነበር። እማዬ ሄዳ እግሩ ላይ ብትወድቅ፣ "እናቴ፣ ሴት ሁልጊዜ ትወልዳለች፤ እርከኑ ግን ዕቅድ ነው" አላት። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ተገላገልኩ። ሕፃኑ አላለቀሰም። ሴቶቹ በነጠላ ጠቅልለው ወሰዱት፤ አላሳዩኝም፣ እኔም አሳዩኝ አላልኩም።

ክርስትና ሳይነሣ የቀረ ልጅ ስም የለውም። ስም የሌለው አይለቀስለትም፣ ተዝካር አይወጣለትም፣ ሲቆጠርም አይቆጠርም። አንዲቱን ሴት "ስንት ወልደሻል?" ሲሏት ክርስትና የተነሡላትን ነው የምትቆጥረው። ይህ ውሸት አይደለም፤ አቆጣጠራችን ነው። እማዬም ገና ሳልነሣ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ ፀጉሬን እያሻሸች፣ "አንቺ አልወለድሽም፣ ልጄ። የሩቅ ሰው ቢጠይቅሽ አልወለድኩም በይ። ሾተላይ አለባት፣ ልጅ አያድግላትም ካሉሽ የሚያገባሽ አታገኚም" አለችኝ። ገና ያኔ ባሌ እንደሚተወኝ ገብቷታል ማለት ነው። እኔ አልገባኝም ነበር።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ሽንቴ ይፈስሳል። ስሄድም፣ ስቀመጥም፣ ስተኛም፣ ስጸልይም። ባሌ አንድ ጊዜ መጥቶ በር ላይ ቆመ፣ አፍንጫውን በጋቢው ያዘና "ሲሻላት እወስዳታለሁ" ብሎ ሄደ። ቆይቶ ሌላ ማግባቱን ሰማን። ቤተ ክርስቲያን ከቅጥሩ ውጪ ከዋርካው ሥር ቆሜ ነበር የማስቀድሰው፤ ዝናብ ሲሆን ደስ ይለኛል፣ ሁሉም ይረጥባላ። ወንዛዬም ወስዳኛለች እማዬ። ፍል ውሃው ውስጥ እስከ አንገቴ ገብቼ ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር ስለ ጤፍና ስለ አማት ሳወራ እውል ነበር። እዚያ ውሃ ውስጥ ሳለሁ ማንም ከማንም አይለይም። ችግሩ መውጣት ያለ መሆኑ ነው።

ሲሳይ ስሙ ቀበሌ ሲጠራ፣ አብሮት የሚያስተምር ጓደኛውም ተወስዶ ሳይመለስ ሲቀር፣ ወደ ሱዳን ልሂድ አለ። እማዬ አላለቀሰችም። "ሱዳን ደህና ሐኪም አለ ይላሉ። እሷን ይዘህ ሂድ" ብቻ አለችው። አንድ ወንድ ልጅ ከሞት ለማዳን፣ አንዲት ሴት ልጅ ለማድረቅ፣ ሁለታችንንም በአንድ ቀን ሰደደችን።

አውቶቡሱ ላይ ቅሉ ሥራውን ሠራ። ወረታ ሳንደርስ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ አፍንጫቸውን ይዘው "ኧረ ይኸ አጓት ከመቼ ወዲህ የተናጠ ነው?" አሉ። ይፋግ ላይ የተሳፈረ ሽማግሌ ደግሞ "ልጄ፣ ለማን ነው የምትወስጅው? ጠላትሽ ነው?" ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ደግሞ ይብስብኛል።

ከጎንደር በታች ኬላ ላይ ሚሊሻ ገብቶ ይፈትሽ ጀመር። ሲሳይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ የያዘው የይለፍ ወረቀት የሌላ ሰው ነበር። ሚሊሻው እኛ ጋ ሲደርስ የቆመበት ወለል መርጠቡን አየ።

"ምንድነው የሚፈሰው?"

"አጓት ነው ጌታዬ።"

"አንቺ ነሽ ወይስ ቅሉ?" አለ እየሳቀ። ለቀልድ ነው ያለው። አፍንጫውን አሸት አድርጎ "እለፉ፣ እለፉ፣ መኪናውን አናፍሱት" አለና የሲሳይን ወረቀት ሳያነብ ወረደ። ወንድሜን ያዳነው ይህ ነው። ያን ቀን ሲሳይ እጄን ጨብጦ እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

ስለ በረሃው ብዙ አልጽፍም፤ የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበት አያምንም። የኔ በረሃ ከሌላው የሚለየው ውሃ ሲሰጡኝ አልጠጣ ማለቴ ነው። ካልጠጣሁ አይፈስም ብዬ። ይፈስሳል፤ ብቻ እንደ እሳት ያቃጥላል። መሪያችን የቋራ ሰው ነበር፣ "ይህች ሴት ምን ዓይነት ጾም ይዛ ነው?" እያለ ሲሳይን ይጠይቀው ነበር።

ገዳሪፍ አጠገብ ያለው የስደተኞች ሰፈር ስንደርስ ገና ስማችን እንደተመዘገበ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ሣር ክዳን ነው፤ ሰልፉ ግን እንደ ትልቅ ሆስፒታል ነው። የሚመዘግበው የኛው አገር ልጅ፣ ከወለጋ በኩል የመጣ ወጣት ድሬሰር ነበር። ትሑት ነው፣ ክፉ አይደለም፤ ይህን ለማለት ነው ስለሱ ያነሣሁት። ፊት ለፊቱ ካርድ አለ፤ እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ካርዱ ላይ ለእያንዳንዱ በሽታ ቁጥር አለው።

"ምንሽን ነው የሚያምሽ?"

ሲሳይ ከጎኔ ነበር። መሬት መሬት አየሁ። "ሽንት…" አልኩ።

"ያመልጥሻል?"

"አዎ።"

"መቼ መቼ ነው የሚያመልጥሽ?"

ሁልጊዜ ማለት ነበረብኝ። እንዴት ተብሎ ይባላል? "አንዳንዴ" አልኩት። በእኛ አገር ጨዋ ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ይቀንሳል። የራበው "ቀመስ አድርጌያለሁ" ይላል፣ የሚሞተው "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። መጨመር የሰሚው ፋንታ ነው። ይህ ልጅ ግን የነገርኩትን ያህል ብቻ ጻፈ።

"ወልደሽ ታውቂያለሽ?"

"አልወለድኩም።"

"አስወርዶሽስ ያውቃል?"

"ኧረ በሥላሴ!"

"ሐኪም ይይሽ?"

"ሐኪሙ ወንድ ነው?"

"ወንድ ነው።"

"ይቅርብኝ። በቃል አይበቃም?"

እሱም እንዳፈረ ያስታውቅ ስለነበር ቶሎ ብሎ "ይበቃል፣ ይበቃል" አለ። የኛ አገር አዋላጅ ብትሆን "ሳይነሣ የቀረ የለሽም ወይ?" ብላ ትጠይቀኝ ነበር። እሱ ከየት ያውቀዋል? ካልወለደች፣ አንዳንዴም ከሆነ፣ ነርቭ ነው አለ። ፊኛን የሚያዘው ነርቭ ደክሟል። ቁጥሩን ጻፈ፣ ማኅተሙን መታ፣ ክኒን ሰጠኝ፣ "ውሃ ቀንሺ" አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በወረቀት ላይ የወጣማ ገደል ነው የሚገባው፣ እጅ ሰድደህ አታወጣውም።

ካርቱም የመጣነው ሲሳይ ዳቦ ቤት ሥራ ሲያገኝ ነው። አገሩን ልንገራችሁ። ፀሐይ እዚህ ከላይ ብቻ አይደለም የሚመታው፤ ግድግዳውም ይመታል፣ አልጋውም ይመታል። ሃቡብ የሚሉት አለ፣ አቧራ ነው፣ ቀኑን ያጨልመዋል፤ ሲያልፍ ጥርስህ መሃል ሳይቀር አሸዋ ታኝካለህ። የጉና ጭጋግ፣ ያ አጥንት የሚሰብረው ብርድ፣ ስንት ቀን ረግሜው ነበር፤ አሁን በጠርሙስ ቢሸጥ እገዛዋለሁ። እንጀራ የሚመስል ነገር አላቸው፣ ኪስራ ይሉታል፣ ስስ ሆኖ ዓይን የሌለው። ሰዎቹ ግን ደግ ናቸው። ሰላምታቸው እንደኛው ረጅም ነው፤ የከብቱን ጤና ሳይጠይቁ አያልፉህም፣ ከብት ባይኖርህም።

የከብት ነገር ካነሣሁ ሐጃን ልንገራችሁ። ሐጃ የምንላቸው የቤት አከራያችን ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት የጭቃ ክፍል አከራይተውናል። ልብስ አጣቢ ሆኜ ነበር፤ ሥራው ይስማማኛል፣ ቀሚሴ ለምን እንደራሰ ማንም አይጠይቀኝም። ሌሊት ግን ፍራሹ አለ። አንድ ጧት ሐጃ ዱላቸውን ይዘው ሳያንኳኩ ገቡና አልጋ ሥር አጎንብሰው ማየት ጀመሩ።

"ምን ጠፋብዎት ሐጃ?" አለ ሲሳይ በዐረብኛ።

"ፍየሏ የት አለች?"

"የምን ፍየል?"

"ወላሂ እኔ ሞኝ አይደለሁም! ከፍየል ጋር ነው ያደግሁት፣ ሽታዋን አውቃለሁ። ሁለት ሰው ብላችሁ ተከራይታችሁ ከፍየል ጋር ነው የምትኖሩት። ለፍየል ኪራይ አለው!"

ሲሳይ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ። ከዚያ ወንድሜ፣ ያ ውሸት የማያውቅበት መምህር፣ "ነበረችን ሐጃ፤ ትናንት ሸጥናት" አላቸው።

"ቀድማችሁ ብትነግሩኝ እኔ እገዛት ነበር" አሉና ተቆጥተው ወጡ። ሲሳይና እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ሳቅን፣ ሳቅን፣ ከዚያ እሱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የሌለች ፍየል ኪራይም እስከ ዛሬ እንከፍላለን፤ ሽታው ስላልሄደ ሐጃ ሌላ ገዝታችኋል ብለው አምነዋል።

ብርቄን ያገኘኋት ልብስ የምናጥብበት ቧንቧ ጋ ነው። የጎጃም ሴት ናት፣ ምላሷ ስለት ነው፣ ልቧ ግን ቅቤ ነው። አንድ ቀን ሌሎቹ ሲሄዱ ቀረብ ብላ ተቀመጠች።

"እኔም እንዳንቺው ነበርኩ" አለችኝ።

"እንደምን?"

"አትደብቂኝ እንጂ እህቴ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። መቼ ነው የሚፈሰው?"

ለሴት፣ ያውም አንድ ጊዜ እንደኔ ለነበረች፣ ቃሉ ሳላስበው ወጣ። "ሁልጊዜ" አልኳት።

"ስትወልጂ ነዋ የጀመረሽ።"

"አልወለድኩም።"

"ሳይነሣ የቀረውስ?"

ሳሙናው ከእጄ ወደቀ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። እዚያው ድንጋዩ ላይ ለዚያ ለማላውቀው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ፤ ብርቄም ልብሴን እያጠበችልኝ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ነገሩን አስረዳችኝ። ምጥ ሲቆይ የልጁ ራስ ሥጋውን ተጭኖ ይገድለዋል፣ ቀዳዳ ይሆናል፣ ሽንት በዚያ ይወርዳል። ነርቭ አይደለም፣ እርግማን አይደለም፣ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳ ደግሞ ይሰፋል። እዚሁ ካርቱም አልፎ አልፎ የሚመጣ ሰፊ ሐኪም አለ፤ እሷን ሰፍቷታል። ተነሥታ ቀሚሷን ዘርግታ አሳየችኝ። ደረቅ ነበር። ሰው በደረቅ ቀሚስ ይቀናል ብዬ አላስብም ነበር፤ ቀናሁ።

ሐኪሙ ጋ የሚያቀርበው ግን የስደተኞች ጉዳይ የሚያይ አንድ ቢሮ ነው። ቢሮው ካርዱን ያያል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ቁጥሩ የመስፋት ከሆነ ስምሽ ይተላለፋል። እኔና ሲሳይ ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለው ጸሐፊ የሸዋ ሰው ነው፤ መነጽር ያደረገ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ። ካርዴን ገልብጦ ገልብጦ አየው።

"ወይዘሮ እናኑ፣ የእርስዎ የነርቭ ነው። ሐኪሙ የሚያየው በወሊድ የተጎዱትን ነው።"

"በወሊድ ነው የተጎዳሁት።"

"ካርዱ አልወለደችም ይላል።"

"ካርዱ አላማጠም ጌታዬ፤ ያማጥኩት እኔ ነኝ።"

ፈገግ አለ፣ ወዲያው ደግሞ ተወው። "ካርዱን ያስሞሉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"አልወለድኩም ያሉትም እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ፤ ግን እኮ…" ብዬ ስለ ክርስትና ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

"ልጁ ወንድ ነው ሴት?"

"አላውቅም።"

"መቼ ተወለደ?"

"እሑድ ነው። ወሩ ግንቦት መሰለኝ።"

"የት ተቀበረ?"

"አልነገሩኝም።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "በእኔ ቢሆንማ ባምንዎት ደስ ይለኛል። ግን በዚህ መስኮት በቀን ስንት ሰው ታሪክ ለውጦ እንደሚመጣ ያውቃሉ? ሰፊው ሐኪም መጣ ሲባል ያላማጠ የለም፤ ወደ ውጭ የሚሄዱ ታሳሪ የነበሩ ናቸው ሲባል ያልታሰረ የለም። ታሪክ የለወጠ ሰው ፋይሉ ይዘጋል። የወንድምዎም ፋይል ከእርስዎ ጋር የተያያዘ ነው።"

"መርምሩኛ!" አልኩት። እኔ፣ ድሬሰሩን ይቅርብኝ ያልኩት፣ መስኮቱ ላይ ተደፍቼ "እዩኝ!" አልኩት። ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ ሰምተዋል።

"የሚመረምረው ሐኪሙ ነው፤ ሐኪሙ ጋ የሚያደርሰው ቁጥሩ ነው።"

"ቁጥሩን ይለውጡልኛ!"

"ቁጥሩን የሚያስለውጠው ምርመራ ነው" አለ፤ እሱም ራሱ ያለውን ሰማው። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ ብሎ "ምስክር አለዎት? ሲወልዱ የነበረ ሰው?" አለኝ።

"እናቴ አለች። ግን ደብረ ታቦር ናት።"

"ስልክ አለን" አለ። ሲሳይ "ይሁን፣ እንሞክረው" አለኝ። የሱም ፋይል አብሮ ሊዘጋ እንደሚችል እያወቀ ነው ያለው። ልለምነው ነበር፤ አላስለመነኝም።

አንድ ነጋዴ በሰው በሰው ለእማዬ መልእክት አደረሰላት፤ ቅዳሜ ስልክ ቤት ቅረቢ የሚል ብቻ። ሌላ ነገር ማስላክ አልተቻለም፤ ከሱዳን የተላከ ቃል ለእሷ ጣጣ ነው። የቢሮው መስመር በየት አገር ዞሮ እንደሚሄድ አላውቅም፣ ስልክ ቤት ያለው ሠራተኛም "ከውጭ" ብሎ ነው የጠራት አሉ። የዚያን ቀን ከነጠላዬ ሥር ሦስት ጨርቅ ደራርቤ ሄድኩ። መጀመሪያ እኔ ላናግራት ብዬ ለመንኩት፤ ጸሐፊው ራሱን ነቀነቀ። "እርስዎ ካናገሯትማ አስጠኗት ይባላል፤ ምስክርነቱ ይፈርሳል። እኔ ልጠይቅ፣ ከዚያ የፈለጉትን ያውሩ" አለኝ። ትክክል ነው። ሰውየው አንድም ቀን ትክክል ያልሆነ ነገር ሠርቶ አያውቅም።

መስመሩ ገባ። እማዬ ስልክ ስታናግር ከወንዝ ማዶ እንዳለ ሰው ነው የምትጣራው፤ እጀታው በሱ ጆሮ ላይ ሆኖ ቃሏ ሁሉ ይሰማኝ ነበር።

"ጤና ይስጥልኝ እናቴ። የእናኑ እናት ነዎት?"

"ነኝ ጌታው! ነኝ! ልጄ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። እኔ እዚህ የእሷን ጉዳይ የያዝኩ ሰው ነኝ።"

"እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ! እግዜር ይስጥልኝ!"

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። እውነቱን እንዲነግሩኝ ነው የምፈልገው። ልጅዎ ከዚህ በፊት ወልዳ ታውቃለች?"

ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ የማየውን መስኮት፣ ካርድ፣ ቁጥር፣ እሷ አታይም። የሚሰማት የማታውቀው ወንድ፣ ድምፀ ለስላሳ፣ የልጅሽን ጉዳይ ይዣለሁ ያለ፣ እናትን አንቱ ብሎ ስለ ልጇ ማህፀን የሚጠይቅ። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ጥያቄ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ሊያገባ ያሰበ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ጸሐፊው እጁን አነሣ፤ ሲሳይ ትከሻዬን ያዘኝ።

"አልወለደችም!" አለች እማዬ። ድምፅዋ ሞቆ ነበር። "የምቀኛ ወሬ ሰምተው እንደሆን አይመኑ ጌታው! ልጄ አልወለደችም፣ ሾተላይም የለባት፣ በሽታም የለባት! ጤነኛ ናት፣ ሥራ ወዳድ ናት!"

ጸሐፊው እኔን አየኝ፤ በዓይኑ አዝኗል። ደግሞ አንድ ዕድል ሰጣት፤ ማድረግ አልነበረበትም፣ አደረገ። "እናቴ፣ ሞቶ የተወለደ እንኳ ቢሆን? አይደብቁኝ፣ ለእሷ ነው የሚጠቅማት።"

"ምን ያለ ሟርት ነው ጌታው! ሞት በልጄ ደጅ አላለፈም። ይኸው የሰማይ አምላክ!"

በሰላም አመሰገናት። ብዕሩን አነሣና ካርዴ ላይ፣ ያ ድሬሰር ከጻፈው ጎን፣ አንድ ቃል ጻፈ። ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። "ተጣርቷል" አለኝ። ከዚያ እጀታውን አቀበለኝ።

"እማዬ።"

"እናኑ! የኔ ዓለም! እኔ ልደፋልሽ! ሲሳይስ?"

"አጠገቤ ነው። ደህና ነው።"

"ሰውዬው ጨዋ ነው፤ አነጋገሩ ያስታውቃል። የት አገር ሰው ነው?"

"የሸዋ ነው።"

"ይሁና፣ ምን ይደረግ፣ የሸዋም ሰው ነው። ልጄ፣ ሲጠይቀኝ ልቤ ቀጥ ልትል ነበር። ደህና አርጌ መለስኩልሽ?"

ጨርቆቹ አልበቁም ነበር፤ በእግሬ ሲወርድ ይሰማኛል። እዚያ ደግሞ ስልክ ቤቱ ውስጥ ተራ የሚጠብቀው ሰው እያንዳንዷን ቃሏን ይሰማል። ምን እንደምላት እግዚአብሔር ያሳየኝ ብዬ ጠበቅሁ፤ ምንም አላሳየኝም።

"ደህና አርገሽ መለስሽልኝ፣ እማዬ" አልኳት።

እልል አለች። ያን ጊዜ ስልክ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ተቀብለው እልል አሉላት፤ እልልታው በእጀታው ወጥቶ ቢሮውን ሞላው። ጸሐፊው ከካርዱ ቀና አለ።

"ምን ሆነው ነው?" አለኝ።

"ደስ ብሏቸው ነው" አልኩት።